በተቆለፈው ጸሎት ቤት የተነበቡ ጥያቄዎች

ንጋቷ አለሙ ዕድሜዋን ሙሉ ተቆጥታ ነው የኖረችው። ላላወቃት ሰው ዝምተኛ ትመስላለች፤ የሚያውቋት ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈሩት ዝም ስትል ነው። ተወልዳ ያደገችው ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቷ አቶ አለሙ አናጢ ነበሩ። የሠፈሩ አማኞች ጸሎት ቤት ሲሠሩ አግዳሚ ወንበሮቹን በሙሉ ከዋንዛ እንጨት ጠርበው፣ ልገው፣ መደገፊያ አበጅተው የሰጡት እሳቸው ናቸው።

በ1971 ዓ.ም. ጸሎት ቤቱ ተዘጋ። ቀበሌው ቁልፉን ወሰደ። ሰባኪው ይቆምበት በነበረው ቦታ የሦስት ባለጢም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቀለ፤ በሩ ላይም "የውይይት ክበብ" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ። አቶ አለሙ በዚያው ዓመት ታመው ሞቱ። ሐኪሙ የጉበት በሽታ ነው አለ። ንጋቷ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሐኪሙን አላመነችውም። "አባቴን የገደለው ያ ቁልፍ ነው" አለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር ፊት ላለማለፍ ስትል ጭቃውን እየረገጠች በጓሮ በኩል ትዞር ጀመር።

እናቷ ወይዘሮ ሎሚ ግን በቤታቸው ከጎረቤት ጋር ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በቤንችኛ ይጸልዩ ነበር። ቤቱን ለዘጉባቸው ሰዎች ሳይቀር ይጸልያሉ። ንጋቷን የሚያቃጥላት ይኸው ነበር።

"እማዬ፣ ለነሱ ደግሞ ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው?"

"ልብ ይስጣቸው ብዬ ነዋ።"

"ልብማ አላቸው። ቁልፉን ይመልሱ!"

ትምህርቷን ጨርሳ ማትሪክ ወሰደች፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ግን ሳይመጣላት ቀረ። በመንግሥት ቡና እርሻ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ የለቃሚዎችን ኪሎ ስትደምር ትውል ነበር። በ1979 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ አንድ ወሬ መጣ። ኮምፒዩተር የሚባል መኪና ተተክሏል፤ እሱን የሚያሠሩ ሰዎች ተመርጠው ይማራሉ፤ የመግቢያ ፈተናው ጅማ ይሰጣል፤ ያለፈ ሁሉ ይሄዳል ተባለ። ከሚዛን እስከ ቴፒ ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። "ግድግዳ የሚያህል ሬዲዮ ነው" ብሎ የማለ ሰውም ነበር።

ንጋቷ በዕድሜዋ እንዲህ አጥብቃ የተመኘችው ነገር የለም። ቁልፉን ከወሰዱት ሰዎች ከተማ የምትወጣበት በር ሆኖ ታያት። ችግሩ ግን ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ከማትሪክ ጋር አይገናኝም ተብሏል። ቆየት ብሎ መለማመጃ ጥያቄዎች መጡ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ያውም አንድ ቅጂ ብቻ። ያ ቅጂ የወደቀው በካድሬው በጓድ በዛብህ እጅ ነበር።

ጓድ በዛብህም ወሰነ። ወረቀቱ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ለማንም አይሰጥም። የሒሳብ መምህሩ ካሣዬ እያነበበ ያብራራል፤ ተፈታኞች እየሰሙ ይጽፋሉ። ቦታው የውይይት ክበብ፣ ጊዜው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

"እሑድ! ሦስት ሰዓት!" አለች ንጋቷ፣ ነጠላዋን አልጋው ላይ ወርውራ። "በአምልኮ ሰዓታችን፣ በገዛ ቤታችን! ሆነ ብሎ ነው። አልሄድም!"

ወይዘሮ ሎሚ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። "አግዳሚውን የጠረበው ማነው?"

"አባዬ።"

"ታዲያ ባባትሽ ሥራ ላይ ሌላው ተንደላቅቆ ሲቀመጥ አንቺ ለምን ደጅ ትቀሪያለሽ? ሂጂና ተቀመጪበት።"

ሄደች። በሩ ላይ ሲሞንን አገኘችው። ሲሞን የእርሻው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ድሮ በዚሁ ቤት ዘማሪ ነበር። ሰው ቤት ሲጸልይ ተይዞ ሦስት ወር ታስሮ፣ እየሳቀ የወጣ ሰው ነው። ንጋቷ ያን ሳቁን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

"እህቴ፣ ፊትሽ ዛሬም ደመና ነው" አላት።

"ያንተ ፀሐይ ይበቃናል። ግባ።"

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት የእነዚያን አማኞች ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ጸሎት ቤት የገባ ሰው እንደተቀመጠ ግንባሩን ፊት ለፊቱ ባለው አግዳሚ መደገፊያ ላይ ደፍቶ፣ ለብቻው ጥቂት ጸልዮ ነው ቀና የሚለው። ሳይጸልይ ጎረቤቱን ሰላም አይልም። በሩ ከተዘጋ ስምንት ዓመት አልፏል፤ ገላ ግን አልረሳም። ተፈታኞቹ ገብተው እንደተቀመጡ፣ ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ግማሽ ያህሉ ግንባራቸውን አግዳሚው ላይ ደፉ።

ንጋቷ አልደፋችም። ከካድሬው ይልቅ የተቆጣችው በእግዚአብሔር ነበር። ቤቱን ሲወስዱት ዝም ብሎ አይቷል፤ እሷም ዝም ብላ ሥዕሎቹን ታያለች።

ጓድ በዛብህ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "ምንድነው ይሄ? እዚህ ቤት ውስጥ ምን እየተደረገ ነው?"

ሲሞን ቀና አለ። "ልማድ ሆኖብን ነው፣ ጓድ።"

"ልማድ! ኮምፒዩተር የሚሠራው በሳይንስ ነው፤ በጸሎት የሚነሳ መሰላችሁ? ግንባሩን የደፋ ሁሉ ይውጣ! አሁን!"

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ካድሬው ወደ ንጋቷ ጣቱን ዘረጋ፤ ድምፁም ለሰለሰ።

"ጓድ ንጋቷን እዩ! የጴንጤ ልጅ ናት። ይህን ወንበር የጠረበው አባቷ ነው አሉ። እንዴት ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች እዩ! ነቅታለች! ከእሷ ተማሩ!"

የንጋቷ ጆሮ ጋለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያሳደገችውን ቁጣ ይህ ሰውዬ የራሱ አድርጎ ወሰደው፤ ልክ እንደ ቁልፉ። ዝም ካለች ጥያቄዎቹን ትሰማለች፣ ፈተናውን ታልፋለች፣ ትሄዳለች። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

ግንባሯን አግዳሚው ላይ ጣለችው። ዋንዛው ጓ ሲል ሁሉም ሰማ። "ጌታ ሆይ፣ በአንተም ተቆጥቻለሁ፤ የዚህ ሰውዬ ግን አይደለሁም። አሜን" አለች፤ አንሾካሽካ እንኳ አይደለም። ከዚያ ማንም ውጪ ሳይላት ወጣች።

ደጅ ዝናቡ ጀምሯል። የተባረሩት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ንጋቷ ከመካከላቸው ገብታ፣ "ምን ትስቃለህ?" ብላ ሲሞን ላይ ጮኸች። እውነትም ይስቅ ነበር።

በዚህ መሐል ከውስጥ የመምህር ካሣዬ ድምፅ ተሰማ፤ ገበያ ላይ አዋጅ እንደሚነግር ሰው ይጮሃል። "የመጀመሪያው ጥያቄ! አሥራ ሦስትን በዜሮና በአንድ ብቻ ጻፉ!"

"ጓድ መምህር፣ ምን ያስጮህዎታል?"

"ዝናቡ ነው፣ ጓድ። ቆርቆሮው አያሰማም። ከኋላ ያሉት እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።"

"ከኋላ ማን አለ? ባዶ ነው እኮ!"

"ለዚህ ነው የሚያስተጋባው" አለ መምህሩ። ቀጥሎም፣ "ጨለማ ሆነብኝ" ብሎ በደጅ በኩል ያለውን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው።

ካሣዬ የማርያም ማኅበርተኛ ነው። ጸሎት ቤቱ ክፍት በነበረበት ዘመን አንድ ቀንም ረግጦት አያውቅም። ያን ክረምት ግን እሑድ እሑድ በዚያ መስኮት አጠገብ ቆሞ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸ። የሚዛን ዝናብም አንድ እሑድ እንኳ አልቀረበትም። ደጅ ያሉት በጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ።

"በሩ ከተቆለፈ መብራቱ ይጠፋል!" አለ አንድ ቀን መምህሩ። "መብራቱ አልጠፋም! በሩ ተቆልፏል ወይስ አልተቆለፈም?"

"አልተቆለፈም" ብላ ንጋቷ ጻፈች።

ሲሞን እርሳሱን አላነሳም። "ጥያቄው ስሕተት ነው" አለ። "የእኛ በር ተቆልፏል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም።"

"ሲሞን! የተጠየቅከውን መልስ! በዚህ አያያዝህ ትወድቃለህ!"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት።"

"እውነት ማን ጠየቀህ? ጻፍ!"

ክርክራቸውን የሰማው ጓድ በዛብህ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። "እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

ሁሉም አቀረቀሩ። ንጋቷ ግን ተነሣች። "ካባቴ አግዳሚ አስወጣኸኝ። ከጠፈጠፉ ሥርም ልታስወጣኝ ነው?"

ያኔ ካድሬን አንተ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ሎሚ ማታ ወሬውን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በዛብህ አፈጠጠባት፤ እሷም አፈጠጠች። ልብ ተሰጥቶት ይሁን ወይም ዝናቡ ካፖርቱን አበስብሶት፣ ተመልሶ ገባ። መስኮቱም አልተዘጋም።

በነሐሴ ጅማ ሄደው ተፈተኑ። በመስከረም ውጤቱ መጣ። ንጋቷ አለፈች፤ ሲሞን ወደቀ።

የምትሄድ ዕለት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛት። ሻንጣዋን ይዞላት ይስቃል።

"አሁንስ ምን ያስቅሃል? ወድቀሃል እኮ! ከጥያቄው ጋር ተከራክረህ ነው አይደል?"

"ትንሽ።"

"ሰው ፈተና ላይ ይከራከራል?"

"የወደቅኩት እኔ፣ የምትናደጂው አንቺ። ምን ሆነሻል?"

"አንተ ስለማትናደድ ነዋ! አንተና እማዬ ይቅር እያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ቁጣችሁን ሁሉ ተሸክሜ የምዞረው እኔ ነኝ!"

ሲሞን ሳቁን ተወ። ሻንጣውን አቀበላት። "እውነትሽን ነው" አለ። "ቁጣችንም ጠባቂ ያስፈልገዋል።"

ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ የተላጠ፣ የቡና አቧራ የሚሸት ነበር። ፊት ለፊቷ ባለው መደገፊያ ላይ ግንባሯን ደፋች።

የአውቶቡሱ ረዳት ትከሻዋን ነካ አደረገ። "እህት፣ ገና ሳንነሣ አቅለሸለሸሽ እንዴ? ፌስታል ላምጣ?"

"አላቅለሸለሸኝም!" አለች ንጋቷ፣ ቀና ሳትል። "ቆይ፤ እየጸለይኩ ነው።"