የቀትር መስመር

ውርጌሳ ኬላ ላይ ከሚኒባስ ያስወረደኝ ደብተሬ ነው። መርሳ ከተማ ለማስተምራቸው ተማሪዎች የጥንት የሰማይ መመልከቻዎችን ሥዬበት ነበር፤ የሳማርካንድን ከመሬት በታች የወረደ ቅስት፣ የጃይፑርን ትልቅ የድንጋይ ደረጃ፣ በዲግሪ የተከፋፈሉ ክቦች። ፈታሹ አገላብጦ አየና «ይቺ ትቆይ» አለ።

ያሰሩኝ ሐራ አካባቢ፣ መስኮት በሌለው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የማሽላው አቧራ ጉሮሮ ይይዛል። አብረውኝ የነበሩት አንዲት አዛውንት ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው። ሳለቅስ ሰምተው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር። አዛን አይሰማም፣ ሰዓት የለንም፤ የዙህር፣ የቀትሩ ሰላት መግባቱን በምን ይወቁ?

የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። በሷ የምትገባው ክብ ብርሃን ወለሉ ላይ ትጓዛለች። የሳማርካንድ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ፀሐይን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ አዳራሽ አስገብተው መንገዷን ለኩ። ጥግ ላይ ባገኘሁት ከሰል ሦስት ቀን ተከተልኳትና ከቀዳዳዋ ሥር በጣም የምትቀርብበትን ቦታ ለይቼ የቀትሩን መስመር አሰመርኩ።

«ብርሃኗ ይህን ስትሻገር ፀሐይ አዘነበለች ማለት ነው» አልኳቸው።

«ይኸን ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው? እኛ በበትር ጥላ እናውቀው የለ!» ብለው ሳቁብኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ፣ ደብተሬ ላይ ያሉት ክቦች የመድፍ ዒላማ መለኪያ እንደሆኑ አምኛለሁ ይላል።

«ቀትር ላይ እመለሳለሁ። ካልፈረምሽ ወደማታውቂው ቦታ ነው የምትሄጂው።»

ወደ ቀትር የመርማሪው ኮቴ ሲሰማ አዛውንቷ ክንዴን ያዙኝ። «አጥፊው! ይኸንንም ካርታ ነው ይልሻል!»

እጄን ዘረጋሁ። ብርሃኗ ከመስመሩ ለመድረስ ሁለት ጣት ያህል ቀርቷታል። ካጠፋሁት የምደብቀው ነገር ነበረኝ ማለት ነው። እጄን መለስኩ።

መርማሪው ወለሉን አየ። «ይሄስ?»

«ደብተሩ ላይ ያለው ነው» አልኩት። «ትንሽ ይጠብቁ፣ ያዩታል።»

«ደሞ ልታዢኝ ነው?»

ግን ቆመ። ሦስታችንም ወለሉን አየን። ብርሃኗ መስመሩን ነካች፤ ቀስ ብላ ተሻገረች። መርማሪው የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ተመልሶም መስመሩን። አዛውንቷ ውሃ ስላልነበረ በአቧራው ተየሙም አድርገው ከጫማው አጠገብ ለሰላት ቆሙ።

እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

«አልፈርምም» አልኩ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ወደዚያ ወደማላውቀው ቦታ የሚወስደኝ አልመጣም። ከሳምንት በኋላ ምክንያቱ ሳይነገረኝ ተፈታሁ። ስወጣ ከሰሉን ለአዛውንቷ ሰጠኋቸው፤ መስመሩ በእግር ቶሎ ይደበዝዛል።

ደብተሬ አልተመለሰልኝም። እሳቸውም መፈታታቸውን እስካሁን አልሰማሁም። ክፍል ውስጥ የሳማርካንድን አዳራሽ ከትዝታዬ ስሥል፣ ቀዳዳዋ ጋ ስደርስ ጠመኔው ትንሽ ይቆምብኛል።