የባንተይርጋ አሥራ ሁለት ክራሮች

ባንተይርጋ ሰመራ ሲመደብ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብሎ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። እሱ የሙዚቃ መምህር፣ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የሚወጣ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ስለሚያልፍ የማወራውን አውቀዋለሁ። ከቢቸና የመጣ ቀጭን፣ ነገር ፈሪ ሰው ነው። ፈሪ ሰው ግትርም ሊሆን እንደሚችል ያየሁት በእሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ያለ አንድ መሣሪያ አስተማረ። ጠረጴዛ እየደበደበ፣ በአፉ እያዜመ። «ጉሮሮዬ የመንግሥት ንብረት ሆነ» ይለኝ ነበር። በየወሩ አዲስ አበባ ላለ አንድ የኪነ ጥበብ ማኅበር ልመና ያጽፈኛል፣ እኔም እያጉረመረምኩ እጽፍለታለሁ። በስድስተኛው ዓመት አሥራ ሁለት ክራር መጣ። ያን ቀን ልጆቹ ፊት አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ ሳቅሁበት።

ከእነዚያ ልጆች የበለጠችው ዙሌይካ ነበረች። አድጋ፣ መምህርነት ተምራ፣ አዋሽ ከተማ ተመደበች። ማኅበሩም የሰመራው ክፍል መልካም ሪፖርት ካመጣ ለአዋሽም ያንኑ ያህል ክራር እልካለሁ አለ። ዙሌይካ አላስቻላትም፤ አንድ አሮጌ ክፍል ለምና አስጠረገች፣ ሠላሳ አንድ ልጆችም መዘገበች። የእነሱ ነገር የእኛን ሪፖርት ይጠብቅ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ባንተይርጋ አገሩ ሊሄድ ተነሣ። ጥበቃው አህመዲን «መምህር፣ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ ስቀላቸው። መስኮቱን ከፍቼ እኔ እዚያው እተኛለሁ» አለው። ባንተይርጋ ግን ሌባ ብቻ ታየው። የእኛ የደገኞች አመል ነው፤ ንብረት ካልተቆለፈ ያለ አይመስለንም። ክራሮቹን ግቢው ውስጥ ካለው የብረት ኮንቴይነር ከተተ፣ ሁለት ጓጉንቸር ገጠመበት፣ ቁልፎቹንም ይዞ ቢቸና ገባ። ሐምሌ ላይ አህመዲን በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «እዚያ ውስጥ እንኳን ክራር ፍየልም አትውልም» አለኝ። እኔም ቁልፍ የለኝ፣ ምን ላድርግ? ስልክ መደወል ይቻል ነበር። አልደወልኩም።

መስከረም ላይ ባንተይርጋ ተመልሶ ኮንቴይነሩን ሲከፍት አብሬው ነበርኩ። ሙጫው ቀልጧል፣ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ እንጨቱ ተጣሟል። አንዱን ቢያነሣው እጁ ላይ ተበታተነ። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አይቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አስረሳች፣ ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ?»

ሪፖርቱ የሚላክበት ቀን ደርሶ ነበር። ቢሮ መጥቶ «ቆልፌባቸው ተበላሹ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«አብደሃል? በቸልተኝነት ትከሰሳለህ፣ ክፍሉንም ይዘጉታል። ሙቀቱ ነው በል። ሙቀት አይከሰስም።»

 በመጨረሻ እሺ አለ። «በሙቀት ምክንያት ተበላሹ» ብሎ ነበር ያስጻፈኝ፤ ያሳመርኩት እኔ ነኝ። «የአካባቢው የአየር ጠባይ ለሙዚቃ መሣሪያ ተስማሚ ባለመሆኑ» አልኩት። ፈረመ።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የባለሙያውን የባንተይርጋን አስተያየት መሠረት በማድረግ ማኅበሩ ወደዚህ ክልል መሣሪያ መላክ ማቆሙን፣ ለአዋሽ ተዘጋጅቶ የነበረውም ወደ ሌላ ቦታ መላኩን ይገልጻል። መጨረሻው ላይ ስለ ታማኝነቱ አመስግነውታል። ባንተይርጋ ራሱ በእጅ ጽሑፍ እውነቱን ጽፎ ላከ። በስልክ መለሱለት፦ ከሁለቱ ደብዳቤዎች የትኛውን እንመን? ውሳኔው አይለወጥም።

ለዙሌይካ በስልክ መንገር አልቻለም። አብረን ወደ አዋሽ ሄድን። 

ዙሌይካ በደስታ ተቀበለችን፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ውሃ ሰጠችን፣ ከዚያም እንደ ወጉ ዳጉ ጠየቀች። አፋር ከሩቅ የመጣን ሰው ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይለዋል፤ እንግዳውም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ሰሚው እስኪያልቅ አያቋርጥም፣ የሰማውንም ለሚቀጥለው ያደርሳል። እንዲህ ከአዋሽ የተነሣ ወሬ ከመኪናው ቀድሞ ድንበር ላይ ካለችው ገላፊ ይደርሳል።

ባንተይርጋ ሁሉንም ነገራት። የአህመዲንን ምክር፣ ሁለቱን ጓጉንቸሮች፣ ደብዳቤውን። እሷም አላቋረጠችም። ዓይኗ ግን እየሞላ ነበር።

«መምህር፣ ነገ የልጆቹ ወላጆች ይመጣሉ» አለች በመጨረሻ። «ይህን እነግራቸዋለሁ። ስምህን መዝለል አልችልም።»

«አትዝለዪው።»

ከዚህ በኋላ በዚህ ሸለቆ ልጁን አምኖ የሚሰጠው ወላጅ እንደማይኖር ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመቱ እዚያ ምንጣፍ ላይ አለቀ። የተናገረው በሙሉ እውነት ነበር፤ አንዲት ነገር ብቻ ቀንሷል። ሙቀቱ ነው በል ያለው ማን እንደሆነ አልነገራትም።

ዙሌይካ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ አስረሳች፣ አንቺስ የምትጨምሪው አለሽ?»

ባንተይርጋ አላየኝም። መሬት መሬት ያያል።

«የለኝም» አልኳት።