«አምባሰል!» ሲባል የረገጥኩት

የእህቴ ልጅ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ዘፍና አታውቅም። ከመሄዷ በፊት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለ እሷ ሠርግ አይደምቅም ነበር። የሠራችበት ቤት ማንጎራጎር እንኳ ክልክል ነበረና ስትመለስ «ድምፄ ጠፍቷል» አለችን። ጉሮሮዋን አያማትም። ምን እንደጠፋ ማናችንም በትክክል አናውቅም። ወንድሟ ሊያገባ ሲል ግን ብዙ ተለምና አንድ በአምባሰል፣ አንድ በባቲ ቅኝት ልትዘፍን እሺ አለች። ጊታር የምይዘው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈራሁ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ለፍርሃት የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ማሰናዳት። ድምፅ መቅጃ እንኳ ሁለት እይዛለሁ። ስለዚህ በእግር የሚረገጥ ዲጂታል የጊታር መሣሪያ ተዋስኩ።

ጊታር የተማርኩት ከክራር በኋላ ነው። ዘፋኝ ዝቅ ብሎ ሲዘፍን ጣቴን አላዛውርም፤ እንደ ክራር ክሮቹን ሁሉ አላላለሁ። ጊዜ ይፈጃል። መሣሪያው ግን አንዴ ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ በቅጽበት ዝቅ ወይም ከፍ ያደርገዋል። እሷ ባቲን ዝቅ፣ አምባሰልን ከፍ አድርጋ ነው የምትዘፍነው። በአንዱ መርገጫ ላይ «ባቲ»፣ በሌላው ላይ «አምባሰል» ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ተለማመድን። ባቲን ጀምራ ድምፏ ገና መሞቅ ሲጀምር ሙሽራው ከበር ላይ «አምባሰል! አምባሰል!» ብሎ ጮኸ። ረገጥኩት።

ጊታሩ ሽቅብ ዘለለ። እሷም ተከትላ ዘለለች፤ ድምፏ መሃል ላይ ተሰነጠቀና ወደ ሲጥታ ተለወጠ። የሙሽሪት ወገኖች የአምባሰል ሰዎች ናቸው። ሳይጠበቁ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይቺ ደግሞ ገና የምትጎረምስ ዶሮ ናት?» አሉ አንደኛው፣ እየሳቁ።

ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ እንግዶች መጡ ማለቴ እኮ ነው!» አለኝ ሙሽራው።

በበሩ በኩል «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የዘለለው ጊታሩ ነው» አልኳት።

«ጊታሩ ዘለለ፤ የተሰበርኩት እኔ ነኝ። ሠርጉ ላይ ከደገመኝ፣ ወላሂ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።»

በማግስቱ መሣሪያውን አገላበጥኩ። ማስተካከያው ውስጥ ሌላ ማስተካከያ አለ፤ መርገጫውን መቆለፍም ይቻላል፤ ቁልፉ ሳላውቅ ቢከፈትስ? ለያንዳንዱ ስጋት መፍትሔ ሳገኝ መፍትሔው ራሱ ሌላ ስጋት ሆነብኝ። በመጨረሻ አሮጌውን አምፕሊፋየሬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ጊታርም ማይክሮፎንም የሚሰካበት፣ ስፒከሩም ባትሪውም ውስጡ ያለ አንድ ሳጥን ነው። ሊያስደነግጠኝ የሚችለው ነገር ተቆጥሮ ያልቃል።

አንድ ጣጣ ግን አለው። በሁለቱ ዘፈኖች መሃል ክሮቹን በእጄ ማላላት አለብኝ።

«ሦስት ማዞሪያ ብቻ?» አለች ስታየው። «የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ ከዚህ ይበልጣል።» ስለ ክሮቹ ስነግራት ሳቋ ጠፋ። «ጭር ባለ ዳስ ውስጥ ልታቆመኝ ነው?»

«አዎ። ግን ጊታሩ አይዘልም።»

«እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለችና ማይክሮፎኑን ተቀበለችኝ።

በሠርጉ ቀን አምባሰልን ዘፈነች። ድምፏ ቀጭን ነበር፤ አልተሰበረም። ከዚያ ጭር አለ። የመጀመሪያውን ክር ሳላላ ላብ ያራሰው ጣቴ አዳለጠኝ፤ ክሩ ከልክ በላይ ረገበ። እንደገና ወጠርኩት። ዳሱ በሙሉ እጄን ያያል። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ትሄዳለች፣ አሁን ማይክሮፎኑን ጥላ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ።

«ኧረ በጥሰውና ተገላገል!» አሉኝ እኚያው «ዶሮ» ያሏት ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

ቀና አለች። «አባባ፣ እርስዎስ ሊመርቁ ሲነሱ ስንቴ ነው ጉሮሮዎን የሚጠርጉት?»

ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እሷ ግን ሳቁ እስኪያልቅ፣ እኔም እስክጨርስ አልጠበቀችም። ያለ ጊታር ባቲን ጀመረች፤ ከተለማመድነውም ዝቅ አድርጋ። ያላላሁት ክር እሷ ያለችበት አልደረሰም። ጆሮዬን ወደ እሷ አዘንብዬ አንዱን ክር ድምፏን እስኪነካ አወረድኩት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሁለተኛውን ስንኝ ስትጀምር የተቃኙት አራት ናቸው፤ በአራቱ ብቻ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ የተሰበረችበት ቦታ እየቀረበ ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ዓይኔን ከአፏ ላይ መንቀል አልቻልኩም። አልፋው ከሄደች በኋላም መተንፈሴን ረስቼ ነበር።