የአንጎል ተመራማሪዋ ጃጃ

ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር ቲሸርት የማትምባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። በምርጫው ሰሞን አንድ ደንበኛ የተቃዋሚውን እጩ ፊት በቲሸርት አሳትሞ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች መጡና ማሽኑንም፣ የተረፈውን ጨርቅም፣ እኔንም በአንድ ፒክአፕ ጭነው ሄዱ። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግራቸው አንዱ፣ «ታዲያ የእኛ ምርጫ ምን አገባሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ሥራ መጣልኝ ብዬ ነው ያተምኩት።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበረች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ከጣሪያው ሥር ብረት የተገጠመላት መስኮት። ከውጭ ቦዳ የሚባሉት የታክሲ ሞተር ብስክሌቶች ድምፅ ይገባል። የላብና የበረኪና ሽታ አፈነኝ። ማስኬን አፍንጫዬ ላይ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሽበታም ሴት ሹራባቸውን አጥፈው አጠገባቸው አነጠፉና፣ «ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ወለሉ ደረቅ ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ሴቶቹ ሁሉ «ጃጃ» ይሏቸው ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው። እኔም ጃጃ አልኳቸው።

«እርስዎስ በምን መጡ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሬዲዮ» አሉና ፈገግ አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ሥራቸው የሰውን አንጎል ማጥናት ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም። አንድ ወጣት እስር ላይ ሳለ ሞተ። በሽታ ነው ተባለ። ቤተሰቦቹ አንጎሉን እንዲያዩላቸው ለመኗቸው። አዩት። በሽታ አልነበረም፤ ተመትቶ ነው። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሲጠይቃቸው ያዩትን ተናገሩ።

«ዝም ማለት አይችሉም ነበር?»

«እችል ነበር። ግን ያ ልጅ አንጎሉን አሳይቶኛል። ከዚያ በላይ ሰው ምን ያሳይሻል?»

ከሰዓት በኋላ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ቦሎቄ በልተን ስንጨርስ ያስተምሩን ነበር። ሁለት ቡጢያቸውን ያጋጥሙና፣ «ይሄን ያክላል። እንደ ለጋ አይብ ለስላሳ ነው፤ አያያዙን ካላወቅሽበት ጣትሽ ይገባበታል» ይላሉ። መንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ እየሸጠች የምትኖር አንዲት ወጣት ሴት ከእኛ ጋር ታስራ ነበር። ሰልፈኛ ሲበተን መሃል ገብታ በዱላ ጭንቅላቷን ተመትታለች።

«ጃጃ፣ ፍርሃት የት ጋ ነው ያለው?» አለቻቸው አንድ ቀን።

ጆሮዋ አካባቢ በጣታቸው ነካ አደረጓት። «እዚህ ውስጥ፣ በሁለቱም በኩል፣ ኦቾሎኒ የምታህል ነገር አለች።»

«አውጡልኛ።»

«አላወጣልሽም። ቦዳ ሲመጣብሽ ከመንገድ የምታስወጣሽ እሷ ናት።»

ሳቅን። እዚያ ቤት ውስጥ እንዲያ መሳቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሮሌክስ ሻጯ ራሴን አመመኝ አለች። ምሳዋን አልነካችም፤ አስመለሳት። እርጉዝ ትሆናለች ያለ ነበር፣ ርሃብ ነው ያለም ነበር። ጃጃ አጠገቧ ተንበርክከው ስሟን ጠየቋት። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቋት። ሁለተኛው መልስ ዘገየ። የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርገው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንጎሏ አካባቢ ደም እየተጠራቀመ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ የማውቀው የሞቱትን ነው። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚያ ተነሥተው በሩን አንኳኩ። «አፋንዴ» የምንላት ተረኛዋ ፖሊስ መጣች።

«አፋንዴ፣ ይህች ልጅ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ታስመስላለች።»

ጃጃ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እሺ፣ አትመኚኝ። ስልክሽን ይዘሽ ገብተሽ አንቺው እዪ።»

ፖሊሷ አመነታች፤ ኋላ ገባች። ጃጃ የስልኩን መብራት እንዴት እንደምትይዝ አሳዩዋት። አንዱ ዓይን ላይ ሲበራ ጥቁሩ ክብ ጠበበ። ሌላኛው ላይ ሲበራ እንደሰፋ ቀረ። ፖሊሷ ደግማ አበራች። ከዚያ ወጥታ ሄደች።

ተመልሳ የመጣችው ከአለቃዋ ጋር ነበር። አለቃው ግን ሌላ ወሬ ይዞ ነው የመጣው። «ፕሮፌሰር፣ እንዲወጡ ተፈቅዷል። ቤተሰብዎ ውጭ እየጠበቁ ነው። ይምጡ።»

ጃጃ በሩን አዩት። ልጅቷን አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ፣ ከልጅቷ ራስ አጠገብ ተቀመጡ።

«እሷ ትቅደም» አሉ። «እኔ ከእሷ በኋላ እወጣለሁ።»

«የእርስዎ ትእዛዝ ሌላ፣ የእሷ ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ። ምንም አይደል፣ እጠብቃለሁ።»

አለቃው በሩ ላይ ቆመ። ተረኛዋ ፖሊስ ወደ እሱ ጠጋ ብላ በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። ወጥቶ ስልክ ደወለ፤ ሲጨቃጨቅ ይሰማን ነበር። ጃጃ የልጅቷን ግንባር እየዳበሱ ስለ ቻፓቲ አሠራር ይጠይቋት ነበር፤ እንዳትተኛ ነው። በመጨረሻ ፒክአፕ መጣ። እኔና ሌላ አንዲት እስረኛ የልጅቷን እግር፣ ፖሊሷ ወገቧን ይዘን አወጣናት። ጭንቅላቷን ግን ጃጃ ለማንም አልሰጡም። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቤተሰቦቻቸውን አልፈው፣ አብረዋት ፒክአፑ ላይ ወጡ።

ልጅቷ ተረፈች። ጭንቅላቷን ከፍተው ደሙን አወጡላት። ቀኝ እጇ አሁንም ትንሽ ይከዳታል፤ ቻፓቲውን የምትገለብጠው በግራዋ ነው። እኔም ያለ ክስ ተለቀቅኩ፤ ማሽኔ ግን በዚያው ቀረ።

ጃጃ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ኪዋቱሌ የሚባል ሰፈር ነው ያሉት። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። በቅርቡ ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ እየበላን ሳለ፣ «ስሞት አንጎሌን ተማሪዎች እንዲያጠኑበት ተናዝዣለሁ» አሉኝ።

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። በእኛ ዘንድ ሰው ሙሉውን ነው የሚቀበረው። «ጃጃ፣ እባክዎ እንዲህ አይበሉ።»

«ስንቱን ሰው ከፍቼ አየሁ። የራሴን ብደብቅ ነውር ነው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከብደኝ። አንጎሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ ቁጥር ይለጥፉበታል፤ እኔም ስለጥፍ ነው የኖርኩት። የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንቺ ሄደሽ ለተማሪዎቹ ንገሪያቸው» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«የምታውቂውን።»

እሺ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ እናታቸው፣ ስለ ባላቸው፣ ልጅ ሳሉ ምን ይፈሩ እንደነበር። እሳቸውም ጨዋታ ስለሚወዱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለሉ ያወሩልኛል። ገና ብዙ የማላውቀው አለ። እኔም አላቻኩላቸውም።