የውሰት ወላጅ

በአሰላ ተማሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ አምጪ» ሲል፣ ወላጁ ሩቅ ወይም ቁጡ ከሆነ፣ ደህና የለበሰ መንገደኛ ይለመናል። መንገደኛው ለሩብ ሰዓት አጎት ይሆናል፤ ይቆጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ስለ ትምህርትና ስለ ማኅበራዊ ልዩነት የጻፍኩት የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ልማድ አንድም ቦታ አያነሳም። ያነበቡት ሦስት ፈታኞች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ማንበቡን ግን እጠራጠራለሁ።

ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ማክሰኞ በሬን አንኳኳች። ሲሬ አካባቢ በእርሻ የሚኖሩት እናቷ ታመው አራት ቀን ከትምህርት ቀርታለች። ወላጅ መጥቶ ካልፈረመ ክፍል አትገባም፤ ለብሔራዊ ፈተናም አትመዘገብም። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

«እናትሽ አይመጡም?»

«ትናንት መጥታ ነበር፣ እትዬ። እስከ ስድስት ሰዓት በር ላይ አቆሟት። ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ‹ጉዳዩ የሚገባው ሰው ላኪ› ብለው መለሷት።»

«እናትሽ ምን ብለዋቸው ነበር?»

«‹ታምሜ ነው። ያስታመመችኝ እሷ ናት። ልጄን መልሱልኝ።› በቃ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር። በቃሌ ያዝኳቸው፤ ከተናጋሪዋ በቀር ምንም እንዳይለወጥ ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ኮቴን ለብሼ፣ መነጽሬን አድርጌ ከልጅቷ ጋር ሄድኩ። ዘበኛው ማንነቴን ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ። ምክትሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወንበር ሳቡልኝ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እናትየው በተናገሩበት አፋን ኦሮሞ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር አልኳቸው። እሳቸው ግን እንግሊዝኛ ጣል ባደረጉበት አማርኛ መለሱልኝ።

«ኮሚዩኒኬሽን ጋፕ ነው እንጂ ትልቅ ነገር አይደለም። ይቅርታ፣ የት ነው የሚሠሩት?»

«ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ።»

«ዶክተር ነዎት?»

«አልፎ አልፎ።»

«ጠርጥሬ ነበር! ልጅቷም ጨዋ ናት፤ አስተዳደጓ ያስታውቃል።»

አስተዳደጓ ሰኞ ዕለት ግማሽ ቀን በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ አለባበስና ማዕረግ እንደ ገንዘብ በር ይከፍታሉ የሚለውን፣ ባህላዊ ካፒታል የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ እኚህ ሰው በአራት ደቂቃ ጨረሱት።

የምዝገባ ቅጹን አወጡ። በወላጅ ስም ቦታ የእናቷ ስም ተጽፏል። ምክትሉ ማስመሪያ አስደግፈው ስሙን በአንድ መስመር ሰረዙና ብዕሩን ለእኔ ዘረጉ። ልጅቷ የተሰረዘውን ስም ታያለች። ብፈርም ዓመቷ ይተርፋል፤ እናቷ ግን ከወረቀቱ ይወጣሉ።

«እናቷ አይደለሁም» አልኩ። «አክስቷም አይደለሁም። አከራይዋ ነኝ።»

ሳቁ። «ዶክተር፣ ቀልደኛ ነዎት! ችግር የለም። ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ቢጻፍ ለልጅቷም ይሻላታል።»

ማዕረግ ያለው ሰው እውነት ሲናገር እንደ ቀልድ እንደሚቆጠርለት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ብዕሩን ተቀበልኩ። ከተሰረዘው በላይ የእናቷን ስም በጉልህ መልሼ ጻፍኩ፤ ከጎኑ «እርማቱ የእኔ ነው» ብዬ ከነማዕረጌ ፈረምኩ። ምክትሉ ሳያነቡ ማኅተም መቱበት፤ ልጅቷም የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ሳይደወል ክፍሏ ገባች።