ስልኩ የዋጠው ዜማ

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ላሊበላ ውስጥ በአጎቴ ኮምፒዩተር ቤት እሠራ ነበር። ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግ ሲዲ አባዛለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ስልክ ላይ መዝሙር እጭናለሁ። ከወልድያ በኮምፒዩተር ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ፣ ከዚህ የከበደ ነገር ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ኮምፒዩተሩን ቫይረስ በላውና ፎርማት አደረግሁት። ዊንዶውሱ ተመልሶ ተጫነ፤ መጻፉም ማተሙም ደህና ሆነ። ድምፅ ግን የለም። ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከጎረቤት ቴፕ ላይ ሰካሁት፤ ይጮኻል። ገመዱን ቀየርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ስከፍት፣ የድምፅ ካርዱ ፊት ለፊት ቢጫ የጥያቄ ምልክት ተደቅኗል።

“ድራይቨሩ ጠፍቷል” አልኩት አጎቴን።

“የማን ሾፌር?”

“ሾፌር አይደለም። ኮምፒዩተሩንና የድምፅ ካርዱን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ካርዱ በቦታው አለ፣ ስፒከሩም አለ፤ መሀል ገብቶ የሚያስማማቸው ነው የጠፋው።”

“እና ያ እስኪመጣ ዲዳ ሆነ በይኛ” ብሎ ወጣ።

የኔታን በስም እንጂ በአካል አላውቃቸውም ነበር። ከብልባላ ወዲያ ባለ አንድ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ፣ ከጎጃምም ከትግራይም ተማሪ የሚመጣላቸው መምህር ነበሩ። ልጃቸው ወደ ሱቁ የመጣችው በጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ነጠላዋ አቧራ ጠግቧል። ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ የጥፍር ታህል የስልክ ሚሞሪ ካርድ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“እህቴ፣ እዚህ ውስጥ የአባቴ ድምፅ አለ” አለችኝ። “ሲዲ ላይ አድርጊልኝ። ተማሪዎቹ እንዲሰሙት ነው።”

“እሳቸው ራሳቸው ምን ሆነው ነው?”

ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ክረምቱን ሙሉ ድምፃቸው ሲጎረንን ቆየ። ብርድ ነው ተባለ፣ ጠበልም ተጠመቁ። በኋላ አዲስ አበባ ሲወስዷቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ያለው እብጠት መጥፎ ነው፣ ከነድምፅ ማውጫው ካልወጣ ይገድላቸዋል ተባለ። የኔታ “እንግዲያው መጀመሪያ አገሬ መልሱኝ” አሉ። ተመልሰው መጥተው፣ በያዘችው ርካሽ ስልክ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እየደከማቸው፣ ውኃ እየጠጡ፣ የቻሉትን ያህል ዜማ ቀዱ። ከዚያ ሄደው ታረዱ።

“ታረዱ” ነው ያለችው። ቃሏን አልረሳውም።

“አሁን አንገታቸው ላይ ቀዳዳ አለ። በሱ ነው የሚተነፍሱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ተማሪዎቹ ግማሾቹ ሄደዋል። የቀሩት ይሄንን ነው የሚጠብቁት።”

ካርዱን ከፈትኩት። ፋይሉ አለ። ስጫነው ማጫወቻው የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም የሚል መልእክት አወጣ። ስልኩ ድምፁን ጨምቆ ያስቀመጠበት መንገድ ለኮምፒዩተሩ ባዕድ ነው፤ የሚፈታበት ኮዴክ የለውም። ቢፈታውም ደግሞ የሚያሰማበት ድራይቨር የለውም።

“በስልኩ ለምን አትሰሙትም?” አልኳት።

“ስልኩ መንገድ ላይ ወድቆ ተሰበረ። የሰው ስልክ ላይ ብናስገባው ደግሞ እንቢ አለ።”

የኛ ሰፈር ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚመጣ ነበር፤ አንዲት ፎቶ ለመክፈት ከሰዓት ያልፍባታል። ድራይቨር በሱ ማውረድ የማይታሰብ ነው። አጎቴን አስፈቅጄ፣ የድምፅ ካርዱን መለያ ቁጥር ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ፣ በጋሸና አድርጌ ወልድያ ወረድኩ።

ኮሌጅ ያስተማረኝን መምህር ላቦራቶሪው ውስጥ አገኘሁት። ድራይቨሩን ከነበሩት ዲስኮች መሀል ፈልጎ ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። ኮዴኩንም ሊሰጠኝ የፋይሉን ዓይነት ጠየቀኝ፤ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

“ምንድን ነው የተቀዳው? ንግግር ነው?”

“ዜማ ነው። የድጓ ዜማ።”

“ወይኔ” አለ። “ይሄ አቀዳድ ለስልክ ወሬ የተሠራ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ፣ ለንግግር አያስፈልግም ያለውን ሁሉ ይጥላል። ቀጭኑን ድምፅ ይጥላል፣ የሚንቀጠቀጠውን ያለሰልሳል፣ በጣም ዝቅ ያለውን ዝምታ ነው ብሎ ያልፈዋል።”

“የጣለውን መመለስ አይቻልም?”

“የታጠፈ ልብስ ይዘረጋል። ይሄ ግን ተቆርጦ የተጣለ ነው። አብሽሪ፣ ምናልባት እንዳሰብነው አይከፋ ይሆናል።”

በማግስቱ ተመለስኩ። ድራይቨሩን ስጭነው ቢጫው ምልክት ጠፋ፤ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ዊንዶውስ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ክፍሉን ሲሞላ አጎቴ አጨበጨበ። ኮዴኩንም ጫንኩ። ፋይሉን የከፈትኩት ግን ልጃቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ነው። ያለሷ መስማት ነውር መሰለኝ።

መጀመሪያ የመጣው ንግግር ነው። “ያዘ እንዴ? ጀመረ?” አሉ የኔታ፣ ጥርት ባለ ጎርናና ድምፅ። ዶሮ ሲጮኽ ከኋላ ይሰማል። ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ያዘች። “እሱ ነው። አባዬ ነው” አለች።

ከዚያ ዜማው ተጀመረ። ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚጮኽ ይመስላል። ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ሲል ይጠፋል፣ ረዘም አድርገው የያዙት ቦታ ላይ መሀሉ ተቆርሶ ይወድቃል። እኔ ዜማ አልተማርኩም፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ማኅሌት ስሰማ ያደግሁ ነኝ። ርክርክ የሚባለውን፣ ድምፁ በጉሮሮ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚንከባለልበትን ቦታ ጆሮዬ ጠብቆ ያውቃል። ያ ቦታ በመጣ ቁጥር አንድ ወጥ የሆነ፣ ለስላሳ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል።

ልጃቸው እንባዋን ጠርጋ አየችኝ። “አስተካክይው” አለች።

ሞከርኩ። ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ቀየርኩት፣ ቀጭኑን ከፍ ወፍራሙን ዝቅ አደረግሁ። የባሰ ጮኸ እንጂ የጎደለው አልመጣም። ሳምንታት በሱ ላይ አለፉ። በየቅዳሜው ትመጣለች፣ በየቅዳሜው “ትንሽ ቀረኝ” እላታለሁ። በመጨረሻ እውነቱን ነገርኳት።

ከፋሲካ በኋላ የኔታ ራሳቸው በበቅሎ መጡ። ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። ከስተው ካባቸው ሰፍቷቸዋል፤ አንገታቸው በነጭ ሻሽ ተጠቅልሏል። ክፍሉ ጸጥ ሲል ትንፋሻቸው ከሻሹ ሥር ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ከንፈራቸውን እያየች የሚሉትን የምታወጣላቸው እሷ ነበረች።

ከፈትኩት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ቀስ ብለው እየነኩ ሰሙ። መቋሚያው ትክክለኛውን ዜማ ይከተላል፣ ስፒከሩ ሌላ ነገር ያሰማል። የመጀመሪያው ርክርክ ላይ መቋሚያው ቆመ። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ገለጡ። ሆኖም እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አላቋረጡኝም።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

“‘ተማሪዎቹ ሰምተውታል?’ ይላሉ” አለች ልጃቸው።

“አልሰሙትም፣ የኔታ።”

“‘ሌላ ቦታስ አለ?’ ይላሉ።”

“ካርዱ ላይና እዚህ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው ያለው።”

መዳፋቸውን በጠረጴዛው ላይ እንደሚጠርግ ሰው ጎተቱት። አጥፊው ማለታቸው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ልጃቸው ብድግ አለች። “አይሆንም አባዬ! ሌላ ምን አለን? ቢበላሽም ያንተ ነው!”

የኔታ እጇን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። ቀስ ብለው፣ ደጋግመው ተናገሩ፤ እሷም እያለቀሰች አወጣችው። “‘ይሄን የሰማ ልጅ የኔታ እንዲህ ነው ያስተማሩ ብሎ ይይዘዋል። ነገ ደግሞ ለሌላ ያስተምረዋል። ስሕተቱ በእኔ ስም ይኖራል’ ይላሉ።”

“የኔታ፣ ስሕተቱ እኮ የእርስዎ አይደለም፤ የስልኩ ነው” አልኳቸው። “ይህንኑ አብረን ጽፈን ብናስቀምጠውስ?”

“‘ልጁ ሲሰማ፣ ስልኩ የቱ ጋ እንዳጠፋ በምን ያውቃል?’ ይላሉ።”

ማውሱን ያዝኩ። ማጥፊያውን ለመጫን ግን እጄ እንቢ አለ። ልጃቸው ያኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ንግግሩን ብቻ ተዉልኝ። ዜማ የሌለበትን። እሱ አልተበላሸም” አለች። የኔታ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ቆርጬ ለብቻ አስቀመጥኩላት። የቀረውን ከካርዱም ከኮምፒዩተሩም አጠፋሁ፤ የተጣለ ፋይል የሚቆይበትን ቅርጫትም እያዩኝ ባዶ አደረግሁት። የኔታ ሲወጡ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ለረጅም ጊዜ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ምን እንዳሉ ልጃቸውን አልጠየቅኋትም። በር ላይ ደርሳ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች።

በሐምሌ አረፉ። ዝናቡ ከባድ ስለነበረ ወሬው ላሊበላ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልጃቸው ቤቱን ዘግታ ወደ ዓረብ አገር ሄደች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

መስከረም ላይ ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ ማመልከቻ ሊያጽፍ መጣ። ጢሙ ያቀመቀመ፣ ዓመታት ከሳቸው ዘንድ የኖረ ሰው ነው። የተማሪዎቹ ጎጆዎች በክረምቱ ፈርሰዋል አለኝ፣ ክዳናቸውን ከብት በልቶታል። እሱ ወደ ጎንደር ሊሻገር ነው።

“ድጓውን ጨርሰህ የለም እንዴ?” አልኩት።

“ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን እዚያ ያሉት መምህር ዜማውን እንደኛ አይጥሉትም፤ የኛ የድምፅ አጣጣል ከነሱ ጋር አይገጥምም ብለዋል።” እርጥብ ጫማውን አየ። “የተማርኩትን ትቼ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።”

ማመልከቻውን አትሜ ሰጠሁት። አጥፎ ከደረቱ ከተተውና፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቅ ወጣ።