ቅቤ የጠገበ ሳንቃ

ትናንት የልጅ ልጄ የፍሪጁ በር ላይ የምትለጥፋት የወረቀት ቢራቢሮ እየወደቀች አስለቀሰቻት። «ጠላችኝ!» አለች። በሩን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ዘይት የነካው እጅ አርፎበታል። እትዬ ባዩሽ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ባዩሽ አዲሱ ገበያ ቅቤ ይሸጡ ነበር። በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጉለሌ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር፣ እንደሳቸው የጓጓ ተማሪ አልነበረኝም። አንድ ቀን ቀበሌ ሄደው በጣታቸው ሲፈርሙ፣ ቅቤ የጠጣው ጣታቸው ቀለሙን አልቀበል አለ። ጸሐፊው በሰው ፊት «ሴትዮ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ!» ብሎ ጮኸባቸው። «ሁለተኛ በጣቴ አልፈርምም፤ ስሜን እጽፋለሁ» አሉኝ።

ጥቁር ሰሌዳ ስላልነበረን የሱቃቸውን አሮጌ በር ሳንቃ በተሸካሚ ላኩልን። ከባትሪ ድንጋይ የወጣ ጥቁር ዱቄት በኮላ ለውሰን ቀባነው። ክረምት ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እስኪደርቅ ስንት ጠበቅን! ሲደርቅ ተቀርፎ ወደቀ። ደግመን ቀባነው፤ ደግሞ ወደቀ።

እትዬ ባዩሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ፊደል እኔን ጠላኝ። እግዜር በቃሽ ሲለኝ ነው» ብለው ሊሄዱ ተነሡ።

ሳንቃውን አሸተትኩት፤ ቅቤ! ለካ ደንበኛው ሁሉ ቀምሶ ጣቱን የሚጠርገው በሱ ነው።

እናቶቻቸውን ተከትለው የመጡትን ልጆች በመደዳ አቆምኳቸው። «እናንተ ሳንቃ ናችሁ። ማንኛውም ነገር ሞለኪውል ከሚባሉ፣ ዓይን ከማያያቸው ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ከላይ ያሉት እጃቸው ባዶ ነው እንበል። እኔ ኮላ ነኝ፤ ያዙኝ!» ተንጫጭተው ያዙኝ። «አሁን ጫማችሁን አውልቁና በሁለት እጃችሁ ያዙ። እሱ ቅቤ ነው። በሉ ያዙኝ!»

«እንዴት አድርጌ? እጄ ተይዟል!» አለ ትንሹ።

እትዬ ባዩሽ ተመልሰው ተቀመጡ። «እንግዲያው ጠልቶኝ አይደለማ!»

«አይደለም፣ እትዬ። ቅቤው ቀድሞት ነው።»

በአመድና በፍል ውሃ ፈተግነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው። ቀለሙ ያዘ፤ እሳቸውም በዚያው ሰሌዳ ላይ ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። ቀበሌ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ቀለሙን ገፋ አደረገላቸው። ከገበያ በቀጥታ ስለመጡ እጃቸው ቅቤ በቅቤ ነው። «እስክሪብቶ» አሉት።

ትናንት በሩን በሳሙና አጥቤ አደረቅሁት። ልጅቷ ቢራቢሮዋን ለጠፈቻትና እጇን ፈራ ተባ እያለች አነሳች። አልወደቀችም።

«ጠልታኝ አልነበረማ!» አለች።

አልነበረም። ስንቱ ሰው ይሆን ይህን የሚነግረው አጥቶ ተነሥቶ የሄደ፤ እትዬ ባዩሽስ ደግነቱ ተመልሰው ተቀመጡ።